ካሜራው በማን እጅ ነበር?

የዛሬ ሁለት ዓመት የካቲት 12 ጠዋት፣ ገና ከአልጋዬ ሳልወርድ፣ ቴሌግራም ቻናሌ ላይ አንድ ፎቶ ለጠፍኩ። የተቆረጠ የሰው ጭንቅላት ነው። ከሌላ ቻናል ያወረድኩት ነው። ከሥሩ “የካቲት 12፣ 1929። አንረሳም” ብዬ ጻፍኩና ስልኬን ቻርጅ ላይ ሰክቼ ቁርስ ልበላ ሄድኩ።

ስመለስ ቻናሌ ሌላ ሆኗል። ስለ ዋጋ ንረትና ስለ ምንዛሪ ስጽፍ እንደምንም ሦስት መቶ ሰው የሚያየው ቻናል፣ ያን ቀን በሁለት ሰዓት ውስጥ ሺዎች አዩት። ሼሩ አይቆምም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ አለኝ።

ከሰዓት በኋላ አንድ የማላውቀው ሰው በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። ዋግ ተወልዶ ያደገ ነው። “ወንድሜ፣ ይሄ የየካቲት 12 ፎቶ አይደለም። አዲስ አበባም አይደለም። ሰውየው ደግሞ ስም አለው፤ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ ይባላሉ” አለኝ።

መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር መከራከር ነው። “ምን ለውጥ አለው? የገደላቸው ያው ፋሺስት አይደል?” ብዬ መለስኩለት። መልሱ አጭር ነበር፦ “ላንተ ለውጥ ላይኖረው ይችላል። ለእኛ አለው።”

ፎቶውን አነሳሁት። ግን ያ ሰው የጻፈልኝ ነገር አልለቀቀኝም። እስከዛ ቀን ድረስ እነዚህን ፎቶዎች በየዓመቱ አያለሁ፣ እናደዳለሁ፣ ሼር አደርጋለሁ፣ በማግስቱ እረሳለሁ። ማን እንዳነሳቸው፣ የት እንደተነሱ፣ እንዴት እኔ ስልክ ውስጥ እንደደረሱ አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም። የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነው፤ ቁጥር ሲያመጡልኝ “ምንጩ የታለ?” ማለት የመጀመሪያ ዓመት ነው የተማርኩት። ለፎቶ ግን ያንን ጥያቄ አንስቼ አላውቅም።

እናም ማንበብ ጀመርኩ።

ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ ከዋግ ገዢዎች ቤተሰብ ናቸው። በጣሊያን ላይ በተነሳው አመፅ ሲዋጉ የወደቁት መስከረም 1930 ነው፤ ከየካቲት 12 ሰባት ወር ቆይቶ። ጣሊያኖች ጭንቅላታቸውን ቆርጠው ሕዝብ እንዲያየው አደባባይ አወጡት፣ ፎቶም አነሱት። የኔ “አንረሳም” እንግዲህ የተጻፈው ማን እንደሆነ ረስቼው እንኳ ሳይሆን ከነጭራሹ በማላውቀው ሰው ፊት ላይ ነበር።

የካቲት 12ን ራሷን ብዙዎቻችን በጥቅሉ እናውቃታለን። ቀኑ ዓርብ ነው። የኔፕልስ ልዑል የተባለው የጣሊያን አልጋ ወራሽ ልጅ ተወልዶ ሳምንት ያህል ሆኖታል፤ ማርሻል ግራዚያኒ ለዚያ ደስታ ብሎ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ ለአዲስ አበባ ድሆች ምጽዋት ያድላል። ግቢው ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የስድስት ኪሎ ግቢ ነው። ተመራቂ ሁሉ ጋዋን ለብሶ ፎቶ የሚነሳበት፣ ሙዚየሙ ያለበት ሕንፃ ማለት ነው። እኔም እዚያው ደረጃ ላይ ቆሜ ተነስቻለሁ፤ እናቴ ሳሎን ሰቅላዋለች።

አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ወረወሩ። ግራዚያኒ ሰውነቱ በፍንጣሪ ተበሳሳ እንጂ አልሞተም። የአየር ኃይሉ ጄኔራል ሊዮታ እግሩን አጣ። ወዲያው በግቢው ውስጥ ለምጽዋት በተሰበሰበው ሰው ላይ ተኩስ ተከፈተ፤ ዓይነ ስውሩ፣ አካል ጉዳተኛው፣ አሮጊቷ በሩ ተዘግቶባቸው። ከዚያ የፋሺስት ፓርቲው የከተማዋ ኃላፊ ጉዊዶ ኮርቴዜ ለተከታዮቹ ሦስት ቀን ፈቃድ ሰጠ። ጥቁር ሸሚዝ ለባሾቹ ብቻ አይደሉም የወጡት። የመንገድ ሠራተኛው፣ ሾፌሩ፣ ባለሱቁ ጣሊያን ዱላና የብረት ዘንግ ይዞ፣ ቤንዚን ይዞ ወጣ። የሳር ጎጆዎች ከነሰዎቻቸው ተቃጠሉ። የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል እሳት ተለቀቀበት።

የሟቾቹ ቁጥር አሁንም ያከራክራል። የኢትዮጵያ መንግሥት ከነጻነት በኋላ ያቀረበው 30,000 ነው። ብዙ ዓመት በጉዳዩ ላይ የሠራው ኢያን ካምፕቤል እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተመው መጽሐፍ ወደ 19,000 ገደማ ያደርሰዋል፤ በእሱ ስሌት ያ ከከተማዋ ነዋሪ አንድ አምስተኛ ያህል ነው። ጣሊያኖቹ ራሳቸው ያመኑት ከዚህ በጣም ያነሰ ነበር። እኔ የቁጥር ሰው ነኝ፤ ክርክሩ ይገባኛል። ግን አንድ አምስተኛ ማለት እስቲ በራሳችሁ ስልክ ሞክሩት። ኮንታክት ዝርዝራችሁን ክፈቱና በየአምስቱ አንድ ስም እየቆጠራችሁ ውረዱ። እኔ “በ” ፊደል ላይ ስደርስ ተውኩት።

አሁን ወደ ፎቶዎቹ።

የማናስበው ነገር ይሄ ነው፦ የዚያን ሦስት ቀን ፎቶ ያነሳው ማን ነው? የእኛ ሰው ካሜራ ይዞ ከአጥር ሥር ተደብቆ ያነሳው አይደለም። ካሜራ የነበረው በገዳዮቹ እጅ ነው። በ1930ዎቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ትንንሽ፣ ኪስ የሚገቡ ካሜራዎች ረክሰው ስለነበር ወደ ኢትዮጵያ የዘመተው ወታደር ብዙው ካሜራ ነበረው። ለእጮኛው የሚልከው፣ ለእናቱ የሚያሳየው፣ አልበም ውስጥ የሚለጥፈው ማስታወሻ ነው። በአንዱ ገጽ የዘንባባ ዛፍ፣ በሚቀጥለው ገጽ ጓደኞቹ ሲበሉ፣ ከዚያ ደግሞ ሬሳ። ከሬሳዎቹ ጀርባ የቆሙት ሰዎች ወደ ሌንሱ ያያሉ። ልክ እኛ “አንድ ጊዜ አንሳኝ” ብለን እንደምንቆመው ነው የቆሙት።

መንግሥታዊው ካሜራ ሌላ ነው። የሉቼ ተቋም የሚባለው የሙሶሊኒ መንግሥት የፊልምና የፎቶ ድርጅት ለዚህ ጦርነት ብሎ የምሥራቅ አፍሪካ ክፍል አቋቁሞ ነበር። የሉቼን ፎቶዎች ዛሬ ኦንላይን ማየት ይቻላል። መንገድ ሲሠራ፣ ድልድይ ሲመረቅ፣ ሐኪም ሕፃን ሲመረምር፣ ባንዲራ ሲሰቀል። ንጹሕ ናቸው፣ ብርሃናቸው ያማረ ነው። ለአንድ ሰዓት ያህል እነሱን ብቻ ብታዩ ጣሊያን ለእርዳታ የመጣ ድርጅት ይመስላችኋል። ያኛውን ውሸት ያፈረሰው የጋዜጠኛ ካሜራ ሳይሆን የተራው ወታደር ኪስ ነው። ያ ወታደር እውነት ለመናገር ብሎ አይደለም ያነሳው፤ በሥራው ኮርቶ ነው። ኩራቱ ማስረጃ ሆነበት።

ጋዜጠኞችማ ነበሩ። ቺሮ ፖጃሊ የሚባል የትልቅ የሚላን ጋዜጣ ዘጋቢ ያን ቀን አዲስ አበባ ውስጥ ነበር። ያየውን በጋዜጣው አልጻፈም፤ አይፈቀድለትም። በግል ማስታወሻው ላይ ግን ጣሊያን ሲቪሎች እንዴት ዱላና ብረት ይዘው ሰው ሲያሳድዱ እንደዋሉ መዘገበ። ማስታወሻው የታተመው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው፤ ከሠላሳ አራት ዓመት በኋላ። ላዲስላስ ሳቫ የሚባል የሃንጋሪ ሐኪምም ያየውን ጻፈ፤ ሲልቪያ ፓንክረስት በጋዜጣዋ አወጣችለት። ከእኛ በኩል ደግሞ ተመስገን ገብሬ አሉ፤ ከጭፍጨፋው ተርፈው ሱዳን የገቡት ደራሲ። “ሕይወቴ” የተባለው ግለ ታሪካቸው ውስጥ ስለነዚያ ቀናት ያለውን ክፍል ያላነበባችሁ አንብቡት። እኔ ሁለት ጊዜ አቋርጬ ነው የጨረስኩት፤ ፎቶ አይቼ እንደዛ ሆኜ አላውቅም።

ከ1933ቱ ነጻነት በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት እነዚህን ፎቶዎች ሰበሰበ። በፈረንሳይኛ “የፋሺስት ጣሊያን ሥልጣኔ በኢትዮጵያ” የሚል ርዕስ ሰጥቶ በመጽሐፍ አሳተማቸው። ርዕሱ ምጸት ነው፤ ሥልጣኔ ልናስተምር ነው የመጣነው ይሉ የነበሩት እነሱ ናቸውና። ቴሌግራሞችና የምስክሮች ቃል ደግሞ ለተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀሎች ኮሚሽን ተላኩ። አገራችን አሥር ሰዎችን ከሰሰች፤ ባዶሊዮና ግራዚያኒ አሉበት። እ.ኤ.አ. በ1948 ኮሚሽኑ የሚያስከስስ ጉዳይ እንዳለ ተቀበለ። አንዱም ግን በኢትዮጵያ ጉዳይ ፍርድ ቤት አልቆመም። ግራዚያኒ እ.ኤ.አ. በ1950 በጣሊያን ወታደራዊ ፍርድ ቤት 19 ዓመት ተፈረደበት፤ ያውም ከጀርመን ጋር በመተባበሩ እንጂ በእኛ አይደለም። ወራት ሳይቆይ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2012 አፊሌ በምትባል ከተማ መታሰቢያ ሠሩለት፤ በሕዝብ ገንዘብ።

እዚህ ላይ ነው የኔ የካፕሽን ስህተት ትንሽ ነገር እንዳልሆነ የገባኝ። የመርዝ ጋዙን ታሪክ ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1935ና 36 በጋዝ የተቃጠሉ ሰዎች ፎቶ አውሮፓ ሲደርስ የጣሊያን ፕሮፓጋንዳ የመለሰው “ይሄ ጋዝ አይደለም፣ የሥጋ ደዌ በሽተኛ ፎቶ ነው” ብሎ ነው። በአንድ ፎቶ ላይ ጥርጣሬ ከዘራህ ሌሎቹ ሁሉ አብረው ይጠረጠራሉ። የቀይ መስቀል ሐኪሞች ያዩትን፣ የራሳቸውን ቁስለኞች ያከሙትን እየመሰከሩ እንኳ ክርክሩ አላለቀም። የጣሊያን መከላከያ ሚኒስቴር ጋዝ መጠቀሙን በይፋ ያመነው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ስድሳ ዓመት! እና እኔ አልጋዬ ላይ ተኝቼ የመስከረምን ፎቶ የየካቲት፣ የዋግን ፎቶ የአዲስ አበባ ብዬ ስለጥፍ፣ ለሚክድ ሰው ሥራውን እያቀለልኩለት ነው። አንዱን ስህተት ስክሪንሹት አድርጎ “አያችሁ፣ ሁሉም ፈጠራ ነው” ማለት ብቻ ነው የሚቀረው።

ስለዚህ አሁን ፎቶ ሳይ ከሬሳው በፊት ዳር ዳሩን አያለሁ። ይሄንን የተማርኩት ካምፕቤል ፎቶዎችን ከቦታቸው ጋር እያመሳከረ እንደሠራ ሳነብ ነው። ከኋላ ተራራ ካለ፣ እንጦጦ ይመስላል ወይ? ባሕር ዛፍ አለ? የዚያን ጊዜ አዲስ አበባ በባሕር ዛፍ የተሞላች ነበረች፤ ቁልቋልና ጠፍ መሬት ብቻ ከሆነ ሌላ አገር ሊሆን ይችላል። ጣሪያው ሳር ነው ቆርቆሮ? የቆሙት ሰዎች የለበሱት ዩኒፎርም የማን ነው፣ ወይስ ከነጭራሹ ሲቪል ናቸው? ሲቪል ከሆኑ ያ ራሱ ትልቅ ነገር ይናገራል። በጎግል ሌንስ ፈልጉት፤ በጣም የቆየው የተለጠፈበት ገጽ ምን ይላል? ከጀርባው ጽሑፍ ካለ ደግሞ ወርቅ ነው። ወታደሮቹ ቦታና ቀን ይጽፉ ነበር።

ደራሲዋ መዓዛ መንግሥቴ ለዓመታት ያደረገችው ይሄንን ነው። “ዘ ሻዶው ኪንግ” የተባለውን ልቦለዷን ስትጽፍ ጣሊያን ውስጥ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ እየዞረች የወታደር ፎቶዎችን ሰበሰበች፤ ፕሮጀክት 3541 ብላም በድረ ገጽ ማኅደር አደረገችው። 35 እና 41 የጦርነቱ ዓመታት ናቸው። እዚያ ውስጥ የሚያስደነግጡኝ የሬሳ ፎቶዎቹ አይደሉም። ተራ ፎቶዎቹ ናቸው። ሹሩባ የተሠራች ልጅ፣ ሳትፈልግ ካሜራ ፊት የቆመች ሴት። የምታየው እኔን አይደለም፤ መሣሪያ የታጠቀ ሰው ነው የምታየው። ፊቷን በዚያ ስሜት ዳግመኛ እዩት።

ገበያው ደግሞ አለ፤ የሙያዬ ነገር ስለሆነ አላልፈውም። ኦንላይን ጨረታዎች ላይ “አቢሲኒያ” ብላችሁ ፈልጉ። የሞተ ወታደር የልጅ ልጆች ጣሪያ ቤት ሲያጸዱ ያገኙት አልበም ዋጋ ተለጥፎበት ይቀርባል። ሻጩ የሚሸጠው ወረቀት ነው፤ ገዢው ሰብሳቢ ነው። አልበሙ ውስጥ ያለው ሰው ቤተሰብ ደግሞ ሻጭም ገዢም አይደለም፤ መኖሩንም አያውቅም። ይባስ ብሎ አልበሙ እየተገነጠለ በነጠላ ሲሸጥ፣ ቦታውን የሚነግረው የፊትና የኋላ ገጽ አብሮ ይጠፋል። ስም አልባ ፎቶ የሚፈጠረው እንዲህ ነው፤ ከዚያ ተንከባሎ ተንከባሎ እኔ ቻናል ላይ “አንረሳም” ተብሎ ይወጣል።

መለጠፍ ይቁም እያልኩ አይደለም። ጓደኞቼ በዚህ ጉዳይ ሁለት ናቸው። አንዷ “የተቆረጠ ጭንቅላት ሼር ማድረግ ያኔ ያቆሙትን ማሳያ እኛ እየቀጠልንላቸው ነው” ትላለች። ሰው እንዲፈራ አደባባይ ተሰቅሎ ነበር፤ አሁን አደባባዩ ስልክ ሆነ ባይ ናት። ሌላው ደግሞ “ካላሳየን ማን ያምነናል?” ይላል። እኔ መሐል ላይ ነኝ፤ ወደ እሷ ግን አደላለሁ። ስድስት ኪሎ ያለው የሰማዕታት ሐውልት ላይ የተቀረጹትን ምስሎች ቆማችሁ አይታችኋቸው ታውቃላችሁ? የዩጎዝላቪያ ቀራጮች ናቸው የሠሯቸው። ጭካኔው አልተደበቀም፤ ግን የሚያዩት በገዳዩ ዓይን አይደለም። እኔ በታክሲ ስንት ዓመት አልፌበታለሁ፣ ወርጄ ያየሁት ግን ዘንድሮ ነው።

በቤታችን የዚያ ዘመን ፎቶ የለም። አያቴ የተወለደችው ከነጻነት በኋላ በ1934 ነው። እናቷ ግንፍሌ አካባቢ ነበር ጎጆዋ። የካቲት 12 የሚካኤል ዕለት ስለሆነ ዘመድ ቤት ለዝክር ከከተማ ወጥታ ነበር፤ የተረፈችውም በዚያ ነው። ስትመለስ ቤቱ የለም። ጎረቤቶቿም የሉም። አያቴ ሁሌ እንደምትለው ከቤቱ የተረፈው ምጣዱ ብቻ ነው፤ ሸክላ እሳት ያውቃል። ታሪኩ ሲነገር እየሰማሁ ነው ያደግኩት፤ ከምጣዱ ሌላ ዝርዝር ግን የለውም። እናቷ ስለዚያ ብዙ አታወራም ነበር አሉ።

ዘንድሮ የካቲት ከመግባቱ በፊት ካምፕቤል መጽሐፍ ላይ ካሉት አንዱን፣ የተቃጠሉ ጎጆዎች ያሉበትን፣ በስልኬ አንስቼ አሳየኋት። ሬሳ ያለበትን አልመረጥኩም። መነጽሯን አድርጋ ስልኩን ከእጄ ወሰደችው።

“ማነው ያነሳው?” አለችኝ። እኔ እዚህ ጥያቄ ላይ ለመድረስ ስንት ዓመት እንደፈጀብኝ አልነገርኳትም።

“ጣሊያን ነው፣ እማማ።”

“አቃጥሎ ሲያበቃ?”

“አዎ።”

ዝም ብላ ቆየች። አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም። ከዚያ “አቅርበው እስቲ” አለች። ፎቶውን በሁለት ጣቴ አሰፋሁት፤ ሲሰፋ ደግሞ ይደበዝዛል። ከአመዱ መሐል ከሚታየው ጥቁር ነገር ላይ ጣቷን አሳረፈች፤ ስክሪኑ ተንቀሳቀሰባትና መልሼ አመጣሁላት።

“ይሄ ምጣድ አይደለም?”

ክብ ይመስላል። ድንጋይም ሊሆን ይችላል። ፎቶው ግንፍሌ ይሁን ጉለሌ የሚል ነገር ከሥሩ አልተጻፈም፤ አላውቅም አልኳት። እሷ ግን ስልኩን አልመለሰችልኝም።